ጠሪም ባለዕዳ ነው

ተጠባባቂ ወታደር ማለት በሰላም ቀን ወታደር ያልሆነ ሰው ነው። መምህር ነው፣ ሹፌር ነው፣ ባለሱቅ ነው፣ ገበሬ ነው። አንድ ጊዜ ሠልጥኗል፤ ስሙ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ መንግሥት ሲጠራው ሥራውን አቁሞ፣ ልብሱን ቀይሮ ይሄዳል። አገሮች ይህን ሥርዓት የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙ ጦር ዓመቱን ሙሉ ቀልቦና ደመወዝ ከፍሎ ማኖር ከባድ ወጪ ስለሆነ፣ ጥቂቱን በጦር ሰፈር ያስቀምጣሉ፤ ብዙውን በየቤቱ ያቆዩታል። አደጋ ሲመጣ ክተት ይታወጃል፤ አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል።

ሐሳቡ የቆመው እንግዲህ «ሲያልፍ» በምትለው ቃል ላይ ነው። አደጋው ሳያልፍ ቢቀርስ? ጦርነቱ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ቢሆንስ? ለጥቂት ወራት ተብሎ የተጠራው ሰው ልጁ በእግሩ ሲሄድ ሳያይ ቢቀር፣ ሱቁ ቢዘጋ፣ እርሻው ጦም ቢያድር፣ አንድ ጊዜ ከግንባር ተመልሶም እንደገና ቢጠራ፣ በእርሱ ላይ ያለው ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው? የጠራውስ አካል በበኩሉ ምን ዕዳ አለበት?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። የትኛው ጦርነት ፍትሐዊ ነው፣ የትኛው ዙልም ነው የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነውና ለጊዜው እንተወው። ጦርነቱ አገርንና ሕዝብን ከጥቃት ለመከላከል የሚደረግ፣ መከላከሉም ተገቢ ነው ብለን እንነሣ። እንደዚያም ሆኖ ጥያቄው አይቀርም። ተገቢ የሆነ ነገር ተገቢ ባልሆነ መንገድ ሊጠየቅ ይችላልና።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀደምቶቻችን ሁለት ታሪኮች ተላልፈውልናል። የሚገርመው ሁለቱም የወጡት ከአንድ ቤት ነው።

የመጀመሪያው የሶሓባው የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ ከመካከላችን ያልሰማው ጥቂት ነው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ (630 እ.ኤ.አ.) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ተቡክ ዘመቻ ጥሪ አደረጉ። ወቅቱ ብርቱ ሙቀት ነበር፤ ተምሩ የደረሰበት፣ ጥላው የሚወደድበት ጊዜ ነበር። ከዕብ ጤነኛ ነው፤ ገንዘብም አለው፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት ኖሮት የማያውቅ ሁለት መጓጓዣ በዚያን ጊዜ ነበረው። «ዛሬ እዘጋጃለሁ፣ ነገ እዘጋጃለሁ» ሲል ጦሩ ሄደ። እርሱ ቀረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመለሱ ሌሎች የሐሰት ምክንያት ሲደረድሩ እርሱ እውነቱን ተናገረ። በዚህም ምክንያት እርሱና ሁለት ጓደኞቹ ለ50 ቀን ከሰው ንግግር ተከለከሉ፤ ምድር ከስፋቷ ጋር ጠበበቻቸው። ኋላም አላህ (ሱ.ወ.) ተውባቸውን መቀበሉን በቁርኣን አወረደ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት የሚታወቅ ነው። አቅም እያለው፣ ምክንያት ሳይኖረው፣ ወገኑን ጥሎ የቀረ ሰው ጥፋት አለበት። ሌላው ሲደክም እርሱ በጥላ ሥር ተቀምጧልና። ጥሪ ዕዳ ነው፤ ተጠሪው ባለዕዳ ነው።

ነገር ግን በዚሁ ሐዲስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡ በልማዳቸው የሚሄዱበትን ቦታ ለይተው አይናገሩም ነበር። የተቡክ ጊዜ ግን መንገዱ ሩቅ፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ ጠላቱ ብዙ ስለነበረ፣ ሰዎች ተገቢውን ዝግጅት እንዲያደርጉ ጉዳዩን በግልጽ ነገሩአቸው። ሸክሙ ከባድ ሲሆን ሸክሙን ለሚሸከመው ሰው እውነቱ ቀድሞ ተነገረው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከዕብ ራሱ እንደሚተርከው ያን ጊዜ የዘማቾችን ስም የሚይዝ መዝገብ አልነበረም። የቀረ ሰው ወሕይ ካልወረደበት በቀር እንደማይታወቅ ሊያስብ ይችል ነበር። የሚጠራውንና የሚመለሰውን የሚቆጥር መዝገብ፣ ማለትም ዲዋን፣ የተቋቋመው በኋላ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የኺላፋ ዘመን ነው።

ሁለተኛውን ታሪክ ያስተላለፈው የከዕብ ልጅ ዐብዱላህ ነው። ዐብዱላህ አባቱ በስተርጅና ዓይኑ ሲጠፋ እጁን ይዞ ይመራው የነበረ ልጅ ነው፤ የተቡክንም ታሪክ ከአባቱ አፍ ሰምቶ ያስተላለፈው እርሱ ነው። በአቡ ዳዉድ ሱነን ውስጥ፣ ስለ ዲዋን በሚናገረው ምዕራፍ፣ የሚከተለውን ዘግቧል። አንድ የአንሷር ጦር ከአዛዡ ጋር በፋርስ ምድር ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) በየዓመቱ ጦሮችን ያፈራርቁ ነበር፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለሳል። በዚያ ዓመት ግን ዑመር በሌላ ጉዳይ ተጠመዱና የዚያን ጦር ተተኪ ሳይልኩ ቀሩ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ የዚያ ግንባር ሰዎች ግንባሩን ትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዑመር ተቆጡ፤ ዛቱባቸውም። ሰዎቹ ግን የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦች ነበሩ። ለኸሊፋው የመለሱት መልስ፣ አንተ ነህ የረሳኸን፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙትን አንዱን ዘማች በሌላው የመተካት ሥርዓት በእኛ ላይ የተውከው አንተ ነህ የሚል ነበር።

ዘገባው በእነርሱ ቃል ያበቃል። ዑመር ምን እንደመለሱ፣ እንደቀጡአቸው ወይም እንዳልቀጡአቸው በዚያ አልተነገረንም።

እስቲ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እንያቸው። አባትየው ሳይሄድ ስለቀረ ተወቀሰ። ልጁ ያስተላለፈልን ደግሞ ከሄዱ በኋላ ቀናቸው ሲሞላ ስለተመለሱ ሰዎች ነው፤ እነዚህ ኸሊፋውን ፊት ለፊት ተሟገቱ። በአንድ ቤት ውስጥ የተጠሪውም የጠሪውም ዕዳ አብሮ ተጠብቆ ቆየ። ብዙ ጊዜ እኛ የምንሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ክተት ሲታወጅ ስለ ከዕብ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ስለ አንሷሩ ጦር የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም።

ሰዎቹ ያልተናገሩትን ነገር ደግሞ ልብ እንበል። ጦርነቱ አስፈላጊ አይደለም አላሉም። ፈርተናል አላሉም። ደክሞናል እንኳ አላሉም። ያሉት አንድ ነገር ነው፦ ተራችንን ጨርሰናል፤ ተተኪ አልላክህም። ይህ የእምቢተኛ ንግግር አይደለም። ውሉን የሚያውቅ፣ በውሉ መሠረት የድርሻውን የከፈለ ሰው ንግግር ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) የተጠመዱት በተራ ነገር አልነበረም፤ ከፋርስ እስከ ግብጽ የተዘረጋ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ይሁንና «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለው ምክንያት በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ዕዳውን አላነሳም። የጠሪው ጥፋት በጠሪው ላይ እንጂ በተጠሪው ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም ነበርና።

ታዲያ የአገልግሎቱ ልክ በምን ይለካ? ጦር አዛዥ ቢጠየቅ በግንባሩ ፍላጎት ይለካል ይላል። የገንዘብ ሹም ቢጠየቅ በካዝናው አቅም ይለካል ይላል። ዑመር (ረ.ዐ.) ግን ልኩን የጠየቁት ከቤት ነው። በሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ የዘመተባት አንዲት ሴት ብቸኝነቷን በግጥም ስታሰማ ሰሙ። ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ.)፣ አንዲት ሴት ያለ ባሏ ስንት ጊዜ መታገሥ እንደምትችል ጠየቋት። በመልሱ ላይ ዘገባዎች ይለያያሉ፤ አራት ወር የሚልም፣ ስድስት ወር የሚልም አለ። ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተባለው ኪታባቸው እንደጠቀሱት ዑመር ለዘማቾች ስድስት ወር ወሰኑ፦ አንድ ወር ለመሄጃ፣ አራት ወር በግንባር ለመቆያ፣ አንድ ወር ለመመለሻ። ኢማም አሕመድም ሰው ከሚስቱ ርቆ የሚቆይበትን ጊዜ ሲጠየቁ ስድስት ወር ያሉት ይህንኑ መሠረት አድርገው ነው።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ያለው ቁም ነገር የወሩ ቁጥር ብቻ አይደለም። ዘማቹ ስንት ወር መዋጋት ይችላል ተብሎ አልተጠየቀም። ቤቱ ስንት ወር መቆም ይችላል ተብሎ ነው የተጠየቀው። የተጠየቀችውም ሴት ናት። የጦርነት ፖሊሲ በቤት ውስጥ ባለ ሰው ትዕግሥት ተለካ ማለት ነው። ለአገረ ገዥዎቻቸውም በሰጡት ማሳሰቢያ፣ ወታደሮችን በጠረፍ ላይ አግተው ከቤተሰብ አርቀው በማቆየት ለፈተና እንዳይዳርጓቸው ከልክለዋል። ለዚህ ዓይነቱ እገታ በዐረብኛ «ተጅሚር» የሚል የራሱ ስም አለው፤ ስም የወጣለት ጥፋት መሆኑ ራሱ ሰዎች ምን ያህል ያውቁት እንደነበር ያሳያል።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በሩቁ የምንሰማው ነገር አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የወጣውን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ ያላስታወሰ ከወላጆቹ ሰምቷል። በወረቀት ላይ ሲታይ ልክ ነበረው። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ወንድ ለስድስት ወር ይሠለጥናል፤ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመቱ ድረስ በተጠባባቂነት ይመዘገባል። ነገር ግን የሰሜኑ ጦርነት አላበቃም። ጦርነቱ ሲረዝም በየቀበሌው የተጣለውን ኮታ ለመሙላት «አፈሳ» መጣ። ልጆች ከገበያና ከመንገድ ላይ ተይዘው ሄዱ፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰም ነበሩባቸው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ። የአዋጁ ልክ በጦርነቱ ርዝመት ተበላ።

በጎረቤታችን በኤርትራ የሆነው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የብሔራዊ አገልግሎት አዋጅ ስድስት ወር ሥልጠናና አሥራ ሁለት ወር አገልግሎት፣ በድምሩ 18 ወር ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነት ሆነ። ጦርነቱ ቆመ፤ አገልግሎቱ ግን አልቆመም። ለ18 ወር የሄዱ ወጣቶች ፀጉራቸው እስኪሸብት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱ አገሮች የሰላም ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ እንኳ ነገሩ ወደ 18 ወሩ አልተመለሰም። ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን አቋርጠው የተሰደዱት ብዙ ወጣቶች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው መጨረሻ የሌለው አገልግሎት ነው። አብዛኞቹ እንደ ከዕብ ከጥላ ሥር የተቀመጡ አልነበሩም። የሸሹት ማብቂያ ከሌለው ጥሪ ነው።

በሩቅ አገርም ያው ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ከፊል የክተት አዋጅ አወጣች፤ የመከላከያ ሚኒስትሩም የሚጠሩት 300,000 ተጠባባቂዎች መሆናቸውን ተናገሩ። አዋጁ የሚጠራውን ሰው ብዛት በግልጽ አልጻፈም፤ የሚመለስበትንም ቀን አልጻፈም። የዘማቹ ውል ክተቱ እስኪያበቃ ድረስ ጸንቶ ይቆያል ተባለ፤ በዕድሜ፣ በጤና ጉድለት ወይም በፍርድ ቤት ቅጣት ካልሆነ በቀር መሰናበት የለም። በሙስሊሞች አገር በዳግስታን፣ በማኻችካላ ከተማ፣ አዋጁ በወጣ በቀናት ውስጥ ሴቶች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ በሞስኮና በሌሎች ከተሞች የዘማቾች ሚስቶች ነጭ ሻሽ አስረው መታየት ጀመሩ። በመጀመሪያ የጠየቁት ባሎቻቸው ዓመት ሞልቷቸዋልና በሌላ ይተኩ ብለው ነበር። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ2024 «የውጭ ወኪል» ተብሎ ተፈረጀ። የአንሷሩ ጦር ጥያቄና የእነዚህ ሴቶች ጥያቄ አንድ ነው። የተለየው የጠሪው ጆሮ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። «ጠላት ወር አይቆጥርም» የሚል ነው። የተወረረ አገር ስድስት ወር ሞላ ብሎ ግንባሩን ባዶ ቢያደርግ ቤቱም አይተርፍም፤ ሚስቲቱም ባሏን አገኘሁ ስትል አገሯን ታጣለች። ዩክሬን በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ገብታለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ምክር ቤቱ አዲስ የክተት ሕግ ሲያጸድቅ፣ 36 ወር ያገለገለ ወታደር ይሰናበታል የሚለው አንቀጽ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ከረቂቁ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ልምድ ያላቸው ወታደሮች በአንድ ጊዜ ቢሰናበቱ የሚተካቸው የለም። በዚያው ወር የመጠሪያው ዕድሜ ከ27 ወደ 25 ዝቅ እንዲል ተደረገ። ከጦርነቱ መጀመሪያ አንስቶ በግንባር የነበረ ወታደር ቤተሰብ ይህን ዜና ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። አንቀጹን ያወጡትም ሰዎች የሚከላከሉት አገር እንዳላቸው መካድ አይቻልም።

ለዚህ ተቃውሞ ምን እንላለን? የፊቅህ ሊቃውንት ዶሩራ፣ ማለትም ግድ የሆነ ችግር፣ የተከለከለን ነገር ሊያስፈቅድ እንደሚችል አስተምረዋል። ሆኖም ፈቃዱ በችግሩ ልክ ብቻ እንደሚለካ አብረው አስተምረዋል። የሞት ረሃብ የያዘው ሰው ነፍሱን የሚያቆይለትን ያህል ይበላል እንጂ ጠግቦ ስንቅ አይቋጥርም። እንግዲህ ጦርነት ግድ ብሎ አንድን ወታደር ከቀኑ በላይ ቢያቆይ፣ ያ የሚያስረዳው አገሪቱ ሰው የሚያስፈልጋት መሆኑን ነው። ያው ሰው፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ እርሱው መሆን እንዳለበት ግን አያስረዳም። ስለዚህ «ተተኪ የለም» የሚል መንግሥት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ተተኪ የጠፋው በእውነት ሰው ስለሌለ ነው ወይስ ሌላውን መጥራት ስላስፈራ? ቀኑን ያራዘመው ሰውየውን እውነቱን ነግሮትና አዲስ ቀን ሰጥቶት ነው ወይስ በዝምታ?

ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለተኛው ነው። አዲስ ሰው መጥራት አዲስ ቤቶችን ማስከፋት ነው። ቀድሞ የሄደውን ማቆየት ግን ያንኑ ያለቀሰውን ቤት እንደገና ማስለቀስ ብቻ ነው፤ ለሹማምንት ይህ ይቀላል። ቀላል ስለሆነ ግን ሐቅ አይሆንም። ጥቂቶች ሦስት ጊዜ እየሄዱ ብዙዎች አንድ ጊዜም ካልሄዱ፣ «ሁላችንም እየተዋጋን ነው» የሚለው ቃል እውነትነት ያጣል።

ይህ ወደ ሌላው ጥያቄ ያመጣናል፦ ማን ይሂድ? ማንስ ይቅር? ቁርኣን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዓይነ ስውር፣ አንካሳ፣ በሽተኛ፣ ደካማና ለመንገዱ የሚያወጣው ያጣ ሰው ኃጢአት እንደሌለበት በአት-ተውባህ (9፡91)፣ በአል-ፈትሕ (48፡17) ተነግሯል። እንዲያውም መጓጓዣ ፈልገው መጥተው ሲያጡ እያለቀሱ ስለተመለሱ ድሆች ይናገራል (9፡92)። ወቀሳው የወረደው በእነማን ላይ ነው? አቅምና ሀብት እያላቸው ከተቀማጮች ጋር እንሁን ብለው ፈቃድ በጠየቁት ላይ ነው (9፡86)። ደግሞ በዚያው ሱራ ምእመናን በሙሉ በአንድ ጊዜ መውጣት እንደሌለባቸው፣ ከየወገኑ የሚቀርና ዲኑን የሚማር መኖር እንዳለበት ታዝዟል (9፡122)። ስለዚህ ሁሉም ሰው አይሄድም፤ የሚቀረው ሰው የሚለየው ግን በችግሩና በሥራው እንጂ በገንዘቡና በዘመዱ አይደለም።

በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በቬትናም ያለውን ጦር ሲያበዙ ተጠባባቂውን በብዛት ላለመጥራት ወሰኑ። ተጠባባቂ ቢጠራ የየከተማው ሠራተኛና የቤተሰብ ኃላፊ ይነሳል፤ አገሩም ስለ ጦርነቱ ይጠይቃል። በምትኩ ወጣቶች በግዳጅ ምልመላ ተወሰዱ። ኮሌጅ የገባ ጊዜ ይሰጠው ነበር፤ ወደ ተጠባባቂው ወይም ወደ ብሔራዊ ዘብ መግባት የቻለም ከቬትናም የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ሆነ። ለክፉ ቀን የተዘጋጀው መዝገብ ከክፉ ቀን መሸሸጊያ ሆኖ አረፈው።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አሠራር የቤትን ችግር እንዴት ያይ እንደነበር ደግሞ እንመልከት። ዑስማን (ረ.ዐ.) በበድር ዘመቻ ላይ አልነበሩም፤ ባለቤታቸው ሩቀያ (ረ.ዐ.) ታማ ነበርና እንዲያስታምሟት ተነገራቸው፤ ከምርኮውም ድርሻቸው እንደ ዘመተ ሰው ተቆጠረላቸው። በተቡክ ጊዜ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ከጀግኖቹ ጀግና ሆነው ሳለ ቤተሰብ እንዲጠብቁ መዲና ቀሩ። ሊዘምት ፈቃድ የጠየቀን ሰው ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቀው ወደ እነርሱ መለሱት። ለዘመቻ የተመዘገበ ሌላ ሰው ሚስቱ ለሐጅ መነሳቷን ሲነግራቸው ከሚስቱ ጋር ሐጅ እንዲያደርግ አዘዙት። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር በኡሑድ ጊዜ 14 ዓመቱ ስለነበር መለሱት፤ በኸንደቅ ጊዜ 15 ሲሆነው ተቀበሉት። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይታያል። በመዝገብ ላይ ያለው ስም ከኋላው እናት፣ ሚስት፣ ሕመምተኛና ሕፃን እንዳለው ጠሪው ያውቃል። ሰውየው ለግንባር እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለቤቱም እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል።

ዛሬ ሚሊዮኖችን የሚመዘግብ መንግሥት እያንዳንዱን ሰው እንደዚያ ሊያይ አይችልም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው። የአገልግሎቱ ዘመን ተጽፎ ይቀመጥ። የተመለሰ ሰው ሌላው ተራውን ሳይወጣ እንደገና አይጠራ። ለወላጆቹ ብቸኛ ጧሪ የሆነ፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ እናት የሌላቸውን ልጆች የሚያሳድግ በቅድሚያ አይነሳ። ሥራው ይጠበቅለት፤ ደመወዙ በቤቱ አይቋረጥ። ዑመር (ረ.ዐ.) ዲዋኑን ሲያቋቁሙ የዘማቾችን ስም ብቻ አላስጻፉም፤ የቤተሰቦችንም መተዳደሪያ ጭምር አስጻፉ። በመጀመሪያ ድርጎ የሚሰጠው ጡት ለተወ ሕፃን ነበር። አንዲት እናት ድርጎው እንዲደርሳት ልጇን ያለጊዜው ጡት ስታስጥል፣ ሕፃኑም ሲያለቅስ ሰምተው፣ ድርጎው ከተወለደበት ቀን እንዲጀምር አዘዙ። የሕግ ቀዳዳ በሕፃን ላይ ምን እንደሚያደርስ ገብቷቸው ሕጉን አስተካከሉ።

ከመንግሥት በፊትም ሆነ ከመንግሥት ጋር ደግሞ የእኛ ድርሻ አለ። ዘማችን ያሰናዳ እንደዘመተ፣ የዘማችን ቤተሰብ በመልካም የጠበቀም እንደዘመተ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን የተካሄደውን ጦርነት ያየ ሰው፣ በየሰፈሩ ስንት ቤት ወንዱን እየጠበቀ እንደነበር ያውቃል። የዚያ ቤት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዚያች እናት መድኃኒት፣ የዚያ ማሳ እርሻ የጎረቤትና የጀማዓው ጉዳይ ነው። ይህን ያልሠራ ሰው ስለ ጀግንነት ቢናገር ንግግሩ ይቀልላል። ራሳችንንም እንጠይቅ፦ አቅም ያለውን ልጃችንን በገንዘብና በዘመድ ደብቀን የድሀው ልጅ ሁለት ጊዜ እንዲሄድ አድርገን ከሆነ፣ የአት-ተውባህ ወቀሳ ደጃችን ላይ ቆሟል።

ቤተሰብ ጥሪ ሲመጣበት ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቁም ከከሃዲነት አይቆጠርም። ለስንት ጊዜ ነው? ማን ይተካዋል? ቤቱንስ ማን ያያል? የአንሷሩ ሰዎች ይህንኑ የጠየቁት በኸሊፋዎች ሁሉ ዘንድ በፍትሕ በሚጠቀሱት በዑመር ፊት ነው። ለሦስቱ መልስ ያለው ጠሪ የተጠራውን ሰው እምነት ያገኛል፤ ጦርነቱ ቢረዝም እንኳ ሰው ተራውን አክብሮ ይሄዳል። መልስ የሌለው ጠሪ ግን በኃይል ብዙ ሰው ሊሰበስብ ይችል ይሆናል፤ ሆኖም ለእያንዳንዳቸው ያለበትን ዕዳ ይዞ ነው አላህ ፊት የሚቀርበው። በዚያ ቀን መዝገቡን የሚገልጠው እርሱ አይደለም።

ወላሁ አዕለም።